ማሽኑ የሚያርፍባት ሩብ ሰዓት

አርባ አራት! ከሃምሳው አርባ አራቱ! ዛሬ ጠዋት አንዴ በሰው፣ አንዴ በማሽን ተቆጥሮ ሁለቱም አርባ አራት ብለዋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ጮቤ ረግጫለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ምስክሬ ናት። ወለሉ ገና እርጥብ ስለነበር ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፍኩት።

የምሥራቹ የታላቅ እህቴ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ እላታለሁ፤ እዚህ መሥሪያ ቤትም ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት። ሥራዋ ዘር መቁጠር ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ቀኑን ሙሉ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ተራ መጋዘን ነው። ከውስጥ ግን ሦስት በር ታልፎ የሚገባበት፣ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ክፍል አለው። እዚያ መደርደሪያ ላይ በአልሙኒየም ፖስታ የታሸገ ዘር ተኝቷል። ስንዴው፣ ገብሱ፣ አተሩ አለ፤ ገበሬ የተዋቸው ዓይነቶች አሉ፤ ማንም ዘርቷቸው የማያውቅ የዱር ዘመዶቻቸውም አሉ። ሐሳቡ ለማንም የሚገባ ነው። ምድር እየሞቀች ነው፣ ተባዩም መልኩን ይቀያይራል፤ ዛሬ የምንዘራው ሰብል የልጅ ልጆቻችንን ዘመን ላይችለው ይችላል። ያን ጊዜ ድርቅ የሚችል ባሕርይ ከዱር ዘመዱ ይፈለጋል። ችግሩ፣ የዱር ዘመዱ ያን ጊዜ በዱር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከአሁኑ አድርቆ፣ አቀዝቅዞ ማስተኛት ነው።

የተኛ ዘር ግን በዓይን ሲያዩት ከሞተ ዘር አይለይም። ለዚህ ነው በየአሥር ዓመቱ ከእያንዳንዱ ፖስታ ሃምሳ ፍሬ ወጥቶ የመስታወት ሳህን ውስጥ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ የሚቀመጠው። ስንቱ ሥር እንዳወጣ ይቆጠራል። ያን የምትቆጥረው እትዬ ነበረች።

በወረንጦ አምስት አምስት እያደረገች ትቆጥራለች። በመሃል ካነጋገሯት ግራ ሌባ ጣቷን ታነሣለች፤ ጣቷ እስኪወርድ ማንም ይሁን ማን ቆሞ ይጠብቃል። ቅባት ዘሩን ይነካል ብላ እጇን ክሬም አትቀባም። ቤቷ ገብታም አይለቃትም፤ የደረጃውን፣ የመጋረጃውን ቀለበት፣ የእንግዳውን የሸሚዝ ቁልፍ ትቆጥራለች። ባሏ «እኔን ስንተኛ አድርጋ ቆጥራ እንዳገባችኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም» ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ማሽኑ መጣ። ክንድ አለው፣ ካሜራ አለው። ዘሩን ራሱ ይመዝናል፣ ወረቀቱን ራሱ ያረጥባል፣ በቀን አራት ጊዜ ፎቶ እያነሣ ሥር ያወጣውን ይቆጥራል። ፊቱ ሲቆሙ ሰው ሁሉ ልብሱን እያስተካከለ ድምፁን ስለሚቀንስ ሠራተኞቹ «አማት» የሚል ስም አወጡለት። አንድ የሚያስቅ ጠባይም ነበረው። ዘሩን መዝኖ ከጨረሰ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ከማድረጉ በፊት፣ ክንዱን አጥፎ አሥራ አምስት ደቂቃ ድርቅ ይላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። «አማት ሻይ ወጣች» እየተባለ ተስቆ ታለፈ።

እትዬ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረች። አላኮረፈችም። «የእኔ ዓይን ደክሟል፣ የእሱ አይደክምም» አለች። ጡረታዋም ተቃርቦ ነበር።

ማሽኑ መጀመሪያ ስንዴና ገብሱን ሲቆጥር ከረመ፤ እንከን አልተገኘበትም። ዘንድሮ ወደ ዱር አደንጓሬዎቹ ገባ። አንደኛው ፖስታ ዜሮ። ሁለተኛውም ዜሮ። አሥራ አንድ ፖስታ በተከታታይ ዜሮ። ማቀዝቀዣው ክፍል ሞልቷል፣ ለአዲስ ዘር ቦታ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሞቷል የተባለ ዘር ይወገዳል። ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የሚቃጠሉት ዛሬ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ቁጥር ሰባት መቶ አሥራ ስምንት ናት። እሷን የለቀሙት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ናቸው፤ ሳይንቲስት አይደሉም። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ዳገት ላይ መኪናው ፈልቶባቸው እስኪበርድ ድረስ ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ድንጋይ ላይ የተጋደመ የደረቀ ሐረግ አዩ። ፍሬውን በባርኔጣቸው ሞልተው መጡ። ተመራማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ያላገኙትን ሾፌሩ በባርኔጣ ይዞ መጣ ተብሎ ብዙ ተስቋል። አሁን ያ ዳገት የግድብ ውሃ ተኝቶበታል። ያ ዓይነት አደንጓሬ ሌላ ቦታ ተፈልጎ አልተገኘም። ሾፌሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከእትዬ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖሩት። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ባለፈች ቁጥር «ልጆቼ እንዴት ናቸው?» ይሏታል። «ተኝተዋል» ትላቸዋለች።

ዝርዝሩ ከተለጠፈ ወዲህ ግን በዚያ መንገድ አላለፈችም። በገበያው ዞራ ነበር ቤቷ የምትገባው።

ዜሮው ከየት እንደመጣ የሚወገደውን ዘር የሚወስነው ኮሚቴ መላ ምት ነበረው፤ እትዬ ግን እርግጠኛ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም አልነሣ ብሎ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ሦስት ቀን ሙሉ ሞቋል። ተረኛዋ እሷ ነበረች። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ልጄን ስወልድ ነገሩ ከብዶብኝ እጄን ይዛ አልጋዬ ሥር ነው ያደረችው። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥታ መጥታ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት የጎረቤት መኪና መስሎት ተወው። ማንም ምንም አላላትም። የደረቀ ዘር በሦስት ቀን ሙቀት እንደማይሞት ያኔም ተነግሯት ነበር። ግን ዜሮ ዜሮ ነው።

ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ልጄ የቤት ሥራውን ሲሠራ ስታየው ቆየች።

«አንቺ ወለድሽ፣ እኔ ገደልኩ» አለችኝ።

«ደግሞ ማንን ገደልሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«እትዬ ሙች፣ አደንጓሬ ነው እኮ!»

«አዎ፣ አደንጓሬ ነው። ገና ላልተወለደ ሰው የተቀመጠ አደንጓሬ። ያ ሰው መጥቶ ፖስታውን ሲከፍት...» አለችና ተወችው። ልጄ ቀና ብሎ «አክስቴ፣ ያልተወለደ ሰው እንዴት አድርጎ ይቆጣሻል?» አላት። ሳቀች፤ ግን ቶሎ ተነሥታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች፤ አደንጓሬዎቹን ልሰናበታቸው ብላ እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰባት መቶ አሥራ ስምንትን ሳህን ይዛ ቆማ ነበር።

«ልደፋው ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ አንዴ ስጪኝ» አለችና ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ አፍንጫ አስጠጋችው። «ምን ይሸታል?»

«ኧረ ምንም አይሸት።»

«ሁለት ሳምንት ውሃ ላይ የተኛ ሬሳ እንዴት አይሸትም?»

የሞተ ዘር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይላላል፣ ይሻግታል። ካሜራው ሥር ብቻ እንዲቆጥር ስለታዘዘ ሻጋታ መኖር አለመኖሩ አያገባውም። ሳህኑ ውስጥ ያሉት ሃምሳ ፍሬዎች ግን ደርቀው፣ ጠጥረው፣ እንደ ኮት ቁልፍ ያብረቀርቃሉ። ውሃ ጠብታ አልገባባቸውም። እትዬ እጇን ጋዋኗ ኪስ ከተተች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ከኪሷ ተለይቶ የማያውቀውን ጥፍር መቁረጫ ነካች። እዚያው ቆማ ቀረች። ልጅቷ ራሷን ያዞራት መስሏት ወንበር ልታመጣ ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱር አደንጓሬ ሽፋኑ ውሃ አያስገባም። ዱር ላይ ሲሆን ድንጋይ እየፋቀው፣ ፀሐይ እየሰነጠቀው፣ አንዱ ዘንድሮ ሌላው ከአምስት ዓመት በኋላ ይበቅላል። ሁሉም በአንድ ዝናብ ተታለው ወጥተው እንዳያልቁ ተፈጥሮ ያበጀችው ጥንቃቄ ነው። እንዲበቅል የፈለገ ሰው ከእምብርቱ በተቃራኒ በኩል ሽፋኑን ትንሽ ገመጥ ማድረግ አለበት። እትዬ ሁልጊዜ በጥፍር መቁረጫዋ ታደርገዋለች። ማሽኑ አያደርገውም።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ወጣት ዶክተር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሁልጊዜ አንቱ ነው የሚላት፤ እሷም አንቱ ትለዋለች።

«ዶክተር፣ አደንጓሬዎቹ አልተገመጡም።»

«ምን ማለት ነው አልተገመጡም?»

መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አስረዳችው። ዶክተሩ የሥራ መመሪያውን ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠ። መመሪያውን የጻፉት የቀድሞው ኃላፊ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዘው እትዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ያደረገችውን ሁሉ አንድ በአንድ መዝግበዋል። ማሽኑም የተሞላው በዚያ መመሪያ ነው፣ ቃል በቃል።

«አራተኛ፣ መመዘን» ብሎ አነበበ። «አምስተኛ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት። ስድስተኛ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ማኖር።» ቀና አለ። «ይሄ ዕረፍት ምንድን ነው?»

እትዬ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ከዚያስ? አሉኝ። ከዚያማ ትንሽ ወጣ ብዬ አረፍ እላለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ሻያቸውን ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ሥር ወጥቼ፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል፣ እየተጫወትኩ እገምጣቸዋለሁ።»

«እና አልነገሯቸውም?»

«አልጠየቁኝማ! ደግሞ እሱ ሥራ ነው እንዴ? እያወራሁ የማደርገው ነገር እኮ ነው!»

ዶክተሩ አልሳቀም። ማስረጃ ሳይኖረው ዝርዝሩን ማንሣት እንደማይችል ነገራት። «እስከ ዓርብ አራት ቀን አለን። ካልበቀሉስ?»

«ካልበቀሉ ራሴው አቃጥላቸዋለሁ።» ከዚያ አንቱታው ጠፋባትና «ና አንተ፣ ና ተቀመጥና እይ!» አለችው።

እኔ አሁን ይህን የምጽፍበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃምሳውንም ገመጠቻቸው። ዶክተሩ ሰዓት ይዞ ነበር፤ አሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀባት። «አርጅቻለሁ» አለች።

አራት ቀን ክዳኑን አልከፈተችም፤ ማንንም አላስከፈተችም። ዛሬ ጠዋት መነጽሯን ቤት ረስታ ወጣች፤ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። ባሏ ደውሎልኝ እኔ ይዤላት መጣሁ። ስደርስ ዶክተሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ዘበኛው ሳህኑን ከበው ቆመዋል፣ እሷ ደግሞ ክዳኑን ይዛ ዓይኗን ታጠባብባለች። መነጽሯን አደረገች፤ ክዳኑን አነሣች።

ነጭ ነጭ ጭራ የመሰለ ነገር ታየኝ። «እትዬ...» አልኩ። ጣቷ ተነሣ። አምስት። አሥር። አሥራ አምስት። አንዳንዱ ሥር ከጎረቤቱ ተጠላልፎ ስለነበር በወረንጦ እያላቀቀች ሄደች። አርባ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያ ጣቷ ወረደ።

«አርባ አራት።»

«ስድስቱስ?» አልኳት።

«ያስቡበት።»

ሳህኑ ወደ ማሽኑ ሄደ፣ ማሽኑም አርባ አራት አለ። ዶክተሩ ወጥቶ ዝርዝሩን ከሰሌዳው ነቀለው፤ አሥራ አንዱም ተገምጠው እንደገና እስኪፈተኑ ፖስታዎቹ ከመደርደሪያቸው አይነቃነቁም አለ። ለማሽኑ ክንድም ትንሽ መቁረጫ እንዲሠራለት፣ እትዬ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ልኩን እንድታሳያቸው ተስማሙ። አምስተኛውን መስመር ሊሰርዝ እስክሪብቶ ሲያነሣ ግን ያዘችው።

«ዕረፍቱን ለአማት ተውላት። ይሄን ሁሉ ዘመን ለምዳዋለች።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መብራት የጠፋ ጊዜ ሦስቱን ቀን ተኝተው ነው ያሳለፉት» አለችኝ። «ምንም አልሆኑም።» ወረንጦዋን አጥባ፣ ሁለተኛውን ፖስታ ተቀብላ፣ መቁረጫዋን ከኪሷ አወጣች። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አሁን ሃያ ሦስተኛው ፍሬ ላይ ናት።

«የሚጻፈው አላለቀም?» ትለኛለች። «ዛሬ በየት በኩል ነው የምትሄጂው?»

በየት እንደሆነማ ታውቀዋለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሾፌሩ ምሳ በልተው ጋደም ካሉ መድፍ አይቀሰቅሳቸውም፤ ጆሯቸውም ስለደከመ ከመንገዱ ማዶ ጀምሬ መጮህ ይኖርብኛል። ልጆችዎ ተነሥተዋል፣ ጋሼ! አርባ አራቱ ተነሥተዋል! ጮቤ ስረግጥ ያወለቅኩት ጫማዬ የት ገባ? ልሂድ።