የፍልሰታ ቸኮሌት

በዚያ ፍልሰታ እናቴ መብላት አቆመች ብል ይቀላል። ከሆስፒታል ካወጣናት ወዲህ አጥሚት ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፤ ሽሮ ሳቀርብ በኋላ ትላለች፤ በኋላ ብሎ ነገር ግን የለም። ሐኪሙ ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያነሳትም ብሎኛል። የንስሐ አባቷም ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እቤታችን ድረስ መጥተው፣ ታመሻልና ጾሙ ይቅርብሽ አሏት። ሰዓቱን ትታ በጠዋት ለመቅመስ እሺ አለች። ወተትና ቅቤን ግን በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም ብላ ድርቅ አለች።

እኔ ከሥራ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሥራ ስባክን አልቄያለሁ። አንድ ቀን ብሶብኝ እስኪ ምን ብሰጥሽ ነው የምትበዪው ብዬ ጮህኩባት። ትንሽ አሰበችና፣ ያ አክስትሽ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ለውዝና ዘቢብ ያለበት ቸኮሌት ቢገኝ አለች።

አይ ጣጣ! በከተማችን ፒያሳ ያሉትን ሱቆች አዳረስኩ፤ ሁሉም ቸኮሌት ወተት አለበት። በመጨረሻ የካካዎ ዱቄትና የኮኮናት ዘይት ገዛሁና ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። አሠራሩን ስልኬ ላይ አየሁ።

ሥራ አስፈቅጄ በቀረሁበት ጠዋት ለውዙን ቆልቼ፣ አሽቼ፣ ከተከትኩት። ዘይቱን በለሰለሰ እሳት አቅልጬ ካካዎውን አማሰልኩበት። ስኳሩ ካልደቀቀ ከዘይቱ ጋር አይዋሃድም፤ መፍጫው ውስጥ ጨምሬ ልፈጨው ብል መብራት የለም። መብራቱን ስጠብቅ እናቴ ጠራችኝ። አጠብኳት፣ አንሶላ ቀየርኩላት፣ አገላበጥኳት፤ ወገቤ ተቆረጠ። ስመለስ ድብልቁ ሊረጋብኝ ነው፤ ተጣድፌ ትሪ ላይ ዘረጋሁትና ለውዙንና ዘቢቡን በተንኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን ጣቱን ይልስ ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ። በጾም ስንሠራ ወጡንም የምናውቀው በማሽተትና በማየት ብቻ ነው፤ ይህንንም እንደዚያው አደረግሁ። በነሐሴ ብርድ መስኮቱ ሥር ወዲያው ደረቀ።

በእጄ ሰባብሬ አንድ ቁራሽ ወሰድኩላትና አጠገቧ ቆምኩ። ቀስ እያለች አኝካ ጨረሰችው።

"ሸጋ ነው" አለች፤ ደግሞ ጨምሪልኝ አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ አንድ ቁራሽ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ኮሶ! ስኳሩ ሳይፈጭ መፍጫው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። በንዴት ገባሁና ምነው ዝም አልሽኝ አልኳት።

"መረረ እንዴ?" አለችኝ።

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። አልነበረም። ከታመመች ወዲህ ምላሷ ጨውም ጣፋጭም እንደማይለይ ያን ቀን ነገረችኝ። ቸኮሌት ያለችውም ስነዘንዛት አፏ ላይ የመጣላትን ነው። ታዲያ ለምን በላሽው አልኳት።

"ደክሞሽ፣ እንደዚያ ቆመሽ ታዪኝ ነበር። እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው የበላሁት።"

ስኳር ጨምሬ እንደገና ልሥራው ስላት፣ ተይው፣ አትልፊ፣ ያንኑ አምጪልኝ አለች። ትሪውን አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን መቆም አልሆነልኝም፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከነመራርነቱ አብሬያት በላሁ።