የቬልኮ ቲማቲምና የአርባው ኩባያዎች

ቬልኮ በሕይወት ሳለ እርጎ አይወድም ነበር። ግን የብርዱን ወራት ሁሉ ፊቱን እያኮሳተረ በቀን አንድ ኩባያ ይበላል፤ ባዶው ኩባያ ለቲማቲም ችግኝ ያስፈልገዋላ። «ለሆዴ መስሎሻል?» ይለኛል እኔን ጎረቤቱን ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ።

ዘንድሮ ብርዱን ሆስፒታል ተኝቶ አሳለፈና በየካቲት መግቢያ ሞተ። ሚስቱ ራይና፣ እሱ ከአባቱ ተቀብሎ በየዓመቱ ጋዜጣ ላይ እያደረቀ ያቆየውን ዘር ያለ የሌለውን በአንድ ባዶ የዓሣ መጫኛ ሣጥን ዘራችው። በሌላ ሰው እጅ የሌለ ዘር ነው። በመጋቢት አርባ ምናምን ችግኝ ተፋፍጎ በቀለ። ለየብቻ ካልተተከለ በሳምንት ውስጥ ተናንቆ ያልቃል፤ እቤቷ ያለው ባዶ ኩባያ ደግሞ ሦስት ነው።

ገበያ አብሬያት ሄድኩ። ባለ ጉድጓድ የችግኝ ትሪ አገኘን፤ በጡረታ ለምትኖር ሴት ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

«ደግሞ በጣት ቢነኩት የሚሰበር ነው» አለች መልሳ እያስቀመጠች። ራሷን ለማጽናናት እንደሆነ ገብቶኛል።

በማግስቱ የቬልኮ አርባ ነበር። ስንዴ ቀቅዬ፣ ስኳር ነስንሼ፣ እንደ ደንቡ በትንንሽ ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ መቃብሩ አጠገብ አደልን። ሰው «ነፍስ ይማር» እያለ ተቀበለ፣ በላ፣ ኩባያውን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። ዞር ስል ራይና በጥቁር ካፖርቷ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብላ ኩባያ ትለቅማለች።

እኔ ሰው ምን ይለኛል የምል ሴት ነኝ፣ አልክድም። ክንዷን ያዝኳት።

«ምን ነካሽ አንቺ? ሰው እያየ!»

«ይይ። እሱ እኮ ለነዚህ ብሎ እርጎ በልቷል፣ ዶንካ።»

እኔም ጎንበስ አልኩ። የሦስተኛ ፎቁ ነገረኛ፣ ጋሽ ታንቾ፣ ቆሞ ሲያየን ቆየና ኩባያውን በጣቱ ጠራርጎ፣ ጣቱን ልሶ ለራይና ሰጣት።

«ታጥቧል» አለ።

ከዚያ በኋላ ቅርጫት ውስጥ የጣለ ሰው የለም። ያን ዕለት ከሰዓት የኩባያዎቹን ቂጥ በጋለ ምስማር ስንበሳ፣ ችግኞቹን አንድ በአንድ ስናስገባ ዋልን።

በግንቦት በሬ ተንኳኳ። ራይና ናት፤ በነጭ ኩባያ ግንዱ የወፈረ ችግኝ ይዛለች።

«ስለ ቬልኮ» አለች።

በሙት ስም ለተሰጠ ነገር እኛ ዘንድ ምስጋና አይባልም። በሁለት እጄ ተቀብዬ «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ዕንባዬ መጣ።

«የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ብያቸው። ከኋለኞቹ ግን ዘር አስቀሪ፤ ከእንግዲህ አንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም።»

ሌሎቹን በትልቅ ሣጥን ደርድራ ወደ ላይ ወጣች። በሬን ሳልዘጋ ቆሜ አዳመጥኩ። መጀመሪያ የጋሽ ታንቾ ጎርናና ድምፅ፣ ቀጥሎ ከእሱ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ የሌላ ሰው፣ ከዚያም የሌላ፦ ነፍስ ይማር።