ባለቤትና ባለቤት

ሁለቱ ሴቶች ፋርመርስ ብራንች በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ያን ሳምንት ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ዩለስ ከተማ የቅመም ሱቅ ሊከፍቱ ነበርና የመስታወቱን ጽሑፍ እንድለጥፍ ጠሩኝ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደል በትንሹም ከተጣመመብኝ ልጬ እንደገና እለጥፋለሁ። የሰጡኝ ስም «የእህትማማቾቹ ቅመም» የሚል ነበር። እህትማማቾች ግን አይደሉም፤ ባለትዳሮች ናቸው። ሰው እህትማማቾች ሲላቸው ዝም ማለት ለምደው ነው ስሙ እንዲያ የወጣው።

የመጀመሪያውን ቃል ለጥፌ ሳበቃ አንዲት እናት ገቡ። ቤተ ክርስቲያናቸው በየእሁዱ ምግብ የሚያዘው በእሳቸው በኩል ነው፤ የአዲሱ ሱቅ ኪራይም የታሰበው ከዚያው ትእዛዝ ነበር። ፊት ለፊት ያገኟት ከሁለቱ እዚሁ አሜሪካ ያደገችውን ነው። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ መረቋት፣ ቀጥለው ባለቤቷ የት እንደሚሠራ ጠየቋት።

«ባለቤቴ ጓዳ ናት። ሚጥሚጣ ፓክ እያደረገች።»

ሳቁ። «ነው በይ፣ የኔ ልጅ። እናንተ እዚህ ያደጋችሁት ወንድና ሴት ታምታታላችሁ።»

እውነት ነው፣ ታምታታለች። እኔንም አንዳንዴ «ነይ» ትለኛለች። «እሺ፣ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። ግን «ነው» አላለችም። ሌላዋ ከጓዳ ወጣች፣ ጓንቷ በሚጥሚጣ ቀልቷል። አዲስ አበባ ያደገችው እሷ ናትና እናትየው ዞረው እንድታርማት ነገሯት። ለዓመታት «እህቴ ናት» ስትል የኖረችውም እሷው ነበረች።

«አማርኛዋን ሁሌ አርማታለሁ፣ እማማ» አለች። «እዚህ ላይ ግን አልተሳሳተችም።»

እማማ ሁለቱንም አዩ። የእሁዱን ምግብ ሌላ ቦታ እንደሚጠይቁ በዝግታ ተናግረው ወጡ። በሩን እንኳ እንዳይጮህ ይዘው ነው የዘጉት።

ልቀጥል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባለ ጓንቷ «ላጠው» አለችኝ። አሜሪካ ያደገችው ስለ ኪራዩ ስታነሳ፣ የኤርፖርት ሠራተኞችም ምሳ ይበላሉ፣ ከነገ ጀምሮ ሳምቡሳ እንጠብሳለን ብላ መለሰችላት። ከዚያ አዲሱን ስም ነገረችኝ፦ «ባለቤትና ባለቤት»።

ሰው ተሳስቼ ቃሉን የደገምኩት ይመስለዋል አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያስጨንቀኛል።

«ይምሰለው» አለች አሜሪካ ያደገችው። «ሲጠይቁኝ፣ ‹ናት› እላቸዋለሁ።»