የቁጥጥር ቀን ውሃ

ለቁጥጥር ስንወጣ መኪና የሚልክልን የምንቆጣጠረው የድንጋይ ካባ ራሱ ነበር። የእኛ መሥሪያ ቤት መኪና ወይ ጎማ የለውም፣ ወይ ነዳጅ የለውም፣ ወይ ኃላፊው ይዞት ደገሀቡር ሄዷል። ስለዚህ ቀደም ተብሎ ይደወላል፤ «ከነገ ወዲያ ለአካባቢ ጥበቃ ክትትል እንመጣለን፣ መኪና ላኩልን» ይባላል። በቀኑ ጠዋት ነጭ ላንድ ክሩዘር በራችን ላይ ይቆማል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ አንጸባራቂ ሰደርያችንን ለብሰን፣ ኮራ ብለን እንገባለን። ይሄን ለሰው ሳወራ ቀልድ የሚመስለው ብዙ ነው።

ካባው ከጅግጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ድንጋይ ማውጫ ነው። ድንጋዩ በድማሚት ይፈነዳል፣ በክሬሸር ይፈጫል፣ ጠጠር ሆኖ ከተማ ይገባል። የከተማው ፎቅ ሁሉ ጠጠር ይፈልጋልና ክፉ የሚናገረው የለም። እኛ ስንደርስ ክሬሸሩ ሁልጊዜ ቆሟል፤ «ጥገና ላይ ነው»። መንገዱ በውሃ ቦቴ ርሶ ጥቁር ሆኗል። የሳይቱ ኃላፊ፣ ከመሀል አገር የመጣ ሳቂታ ሰው፣ «አየሩን እዩልኝ እስቲ!» ይለናል። አየሩን አይተን፣ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። እኔ መንገዱን ሙሉ «ይሄ ሁሉ ለእኛ የተዘጋጀ ነው» እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ከካባው በታች ካለችው መንደር አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ተወልጄ ያደግሁት ጅግጅጋ ስለሆነ ሶማሊኛ አያቅተኝም፤ እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። ሟች ባላቸው የሠሩላቸው ብርካ ነበራቸው፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ። ድማሚቱ ሰነጠቀው። ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣ ብዙም ሳይቆይ መሬት ይጠጣዋል። ይጠገንላቸው ብለን ጻፍን፣ ካባውም እሺ አለ፤ ደግመን ጻፍን፣ ደግሞ እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ቦቴው መንገዱን አርሶ ሲጨርስ የተረፈውን እኛ እያየን ለመንደሩ ሴቶች ይቀዳል። ይህ በካባው ቋንቋ የማኅበረሰብ ድጋፍ ነው፤ ፎቶ ይነሳበታል። ኤዶ ጀሪካናቸውን ሞልተው ሲያልፉ ይመርቁኝ ነበር። እኔ ምርቃቱን የብርካው ጉዳይ ተስፋ ሰጥቷቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ኮሮና ካለፈ በኋላ ነው፣ አለቆቼን ስለምንና ስነዘንዝ ቆይቼ ድንገተኛ ቁጥጥር የተፈቀደልኝ። በመከራ በተገኘ ነዳጅ፣ በራሳችን መኪና፣ ለማንም ሳንነግር ሄድን። ከሩቅ አየነው፤ ክሬሸሩ እየጮኸ አቧራው ሰማዩን ሞልቶታል። ሠራተኞቹ አፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የሳይቱ ኃላፊ ሳቁ ጠፋበት። እኔ ፎቶ በላይ በላዩ አነሳሁ። ያዝናቸው! አልኩ በልቤ።

ቁልቁል ስንወርድ ኤዶ ከሌሎች ሴቶች ጋር ባዶ ጀሪካን በአህያ ጭነው ሲመጡ አገኘናቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው ከኋላዬ መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ቦቴው የታለ?» አሉኝ።

«ዛሬ የለም ኤዶ። ሳንነግራቸው ነው የመጣነው።»

አልገባቸውም። ሮጬ ተመልሼ የሳይቱን ኃላፊ ቦቴው እንዲላክ ጠየቅሁት። «ቦቴ የለንም እኮ፤ እናንተ ስትመጡ ከከተማ የምንከራየው ነው። ብትነግሩን ኖሮ ይመጣ ነበር» አለኝ። ሊያላግጥብኝ ፈልጎ አልነበረም፣ እውነቱን ነው። ተመልሼ እሱ ያለኝን ነገርኳቸው። ኤዶ ወደ ሰደርያዬ አመለከቱ።

«ይሄን ልብሳችሁን ከሩቅ ስናይ፣ ውሃ መጣ ብለን የነበረችንን ለፍየሎቹ አጠጣናት» አሉ።

መኪናችን ውስጥ የነበረውን የታሸገ ውሃ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለአንድ መንደር ምን ይሆናል? አፈርኩ፣ ግን ተስፋዬ ገና አልሞተም ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ምንም እንደማይከተለው፣ ብርካውም እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቀ እንደሚቀር ያኔ አላወቅሁም። «ኤዶ፣ አሁን በማስረጃ ይዘናቸዋል። ብርካዎን ይጠግናሉ» አልኳቸው።

እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አህያዋን ወደ መንደር አዞሩና፣ «አንተ ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ፣ «ግን ሁለተኛ እንዲህ ድንገት አትምጣብን።»