የዘለልኩት መስመር

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ጡት እንቢ አለች። ወደ አፏ ሳስጠጋው ጀርባዋን ገትራ ትጮኻለች። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ስትወለድ የነበራት ጉንጭ ጠፍቷል። ሚያዝያ ነው፤ የገንዳ ውሃ ከተማ ፀሐይ የቤታችንን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ትራክተር ነጂው ባሌ ያን ሰሞን ለእርሻ ሥራ አብደራፊ ወርዷል። ቤት ያለነው እኔ፣ ልጄና አማቴ ብቻ ነን።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ግን ጠልቻቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ በስኳር የበጠበጡትን ውሃ በማንኪያ ለልጄ ያጠጣሉ። «እማዬ፣ ይተዉ በቃ!» ስላቸው፣ «ይኸ ደጋ መሰለሽ? እዚህ በረሃ ልጅ በውሃ ጥም ይሞታል» ይላሉ። እሳቸው ከደጋ በወረዱበት ዓመት የሁለት ወር ሴት ልጅ ቀብረዋል። «ከላይም ከታችም ብሏት ጠውልጋ ሄደችብኝ። ውሃ አሳንሸባት ነው» ይሉ ነበር። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የራሴ ልጅ ዓይኔ እያየ ስታልቅ ግን የሌላ ሰው ሐዘን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ፌስቡክ ላይ እናቶች የሚጠያየቁበት ገጽ አገኘሁ። ኔትወርክ ቤት ውስጥ የለም፤ ደጃፍ ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ማንሳት ነው። አራስ ደግሞ ፀሐይ ላይ አትወጣም። «ምች ይምታሽና ሁለታችሁንም ልቅበር?» እያሉ አማቴ ቀሚሴን ይጎትታሉ። እንደምንም፣ «ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ውሃ እንጂ ጡት አትቀበልም፤ እባካችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ የልብ ምልክት ላከችልኝ። ሌላዋ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» አለች። ልብ ምን ያደርግልኛል! ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ።

በማግሥቱ አዋላጅ ነኝ ያለች ሴት ረዘም ያለ መልስ ጻፈችልኝ። ዓይኔን ጣል አድርጌበት ወደ ውስጥ ሮጥኩ። የምረታበት ቀን ደርሶልኝ የለ! ጮክ ብዬ ለአማቴ አነበብኩላቸው።

«ውሃ አትስጫት። በሙቀትም ቢሆን ጡትሽ ይበቃታል። ጡት እንቢ የምትለው ውሃው ሆዷን እየሞላው ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ አሳዪያት። ስታጠቢ አፏን በደንብ እስክትከፍት ጠብቂ፤ አገጯ ጡትሽን ይንካ። ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል፤ ጨቅላ ሕፃን በዚያ ይሞታል።»

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አማቴ ማንኪያውን እንደያዙ ቀርተዋል።

«እስኪ ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉ።

ደግሜ አነበብኩ። አገጯ ይንካ የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ።

ብርጭቆውን ይዘው ወጡ፤ ውሃው ደጃፍ ላይ ሲደፋ ሰማሁ። ተመልሰው ልጄን ደረቴ ላይ አስጠጉልኝ። ስትጮኽ ታገሱ፣ አንገቷን ደግፈው አፏን እስክትከፍት አብረውኝ ጠበቁ። ከስንት ሙከራ በኋላ ያዘችው። ሕመሙ እስከ ጀርባዬ ዘለቀ፤ አለቀስኩ። ስትውጥ ይሰማ ነበር። አማቴም ይሰማሉ።

«መጨረሻውን ዘለልሽው፣ ልጄ» አሉኝ።