ከመታጠፊያው በፊት የጠፋው ቀይ ብርሃን

ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። የማስተርስ ጥናቴ ቀይ ብርሃንን በወርቅ ቦይ ውስጥ ስለ መምራት ነው። ከፀጉር እጅግ በቀጠነው ቦይ ብርሃኑ ገብቶ፣ ታጥፎ፣ በሌላኛው ጫፍ መውጣት አለበት፤ ያኔ በኤሌክትሪክ ፋንታ በብርሃን የሚሠራ ደቃቅ ሰርኪዩት ማሰብ ይቻላል። ችግሩ ወርቅ ብርሃን ይበላል። ቦዩን ባጠበብከው ቁጥር ቶሎ ይበላዋል። እኔ ግን ወርቁን ነክቼውም አላውቅ፤ ሁሉም ላፕቶፕ ላይ በስሌት ነው።

ጉደር ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ስሌቱ ቦዩን እንደ መረብ ይከፋፍለዋል፤ የመረቡ ዓይኖች በጠበቡ ቁጥር ውጤቱ ይታመናል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። አምቦ ያሉት አማካሪዬ እኛን ተማሪዎቻቸውን "መረቡን በፈረቃው ልክ አድርጉት" ይሉን ነበር፤ እኛም ስሌቱ መብራት ሳይጠፋ እንዲያልቅ ዓይኖቹን ሰፋ አደረግን። ብርሃኔ ሌላኛው ጫፍ ደረሰ። ስሌቱ እየሠራ ቆጣሪው እንዳይጠፋ ብላ በከሰል ስታበስል የከረመችው ባለቤቴ ከእኔ በላይ ደስ አላት።

እሑድ መብራቱ ሳይጠፋ ዋለ። ለዲፌንሱ ሥዕሉ እንዲያምርልኝ መረቡን አጠበብኩት። ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ ቀዩ መስመር መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ጠፍቷል። ደገምኩት። ያው ነው።

"ማል ተኤ? ምን ሆነ?" አለች ባለቤቴ ፊቴን አይታ።

"አልደረሰም።"

"ደርሶ አልነበር እንዴ?"

 ዲግሪውን ካልያዝኩ የጉደር ካምፓስ ቅጥር ያልፈኛል፤ ሳምንቱን እጃጂ አስተምሬ ቅዳሜ ብቻ ቤቴ መምጣቴ ሊቀጥል ነው። እሷ ደግሞ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። የድሮውን ሥዕል ባቀርብ ማንም አያውቅብኝም። ዝም ማለቱንም መናገሩንም ፈራሁ። ለአማካሪዬ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ መረቡን ሳጠበው ብርሃኑ ጠፋብኝ።"

ቁጣቸውን ፈርቼ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። አልተቆጡም።  ፕሮግራሙን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ዶክትሬታቸውንም በዚያው በሰፊ መረብ የሠሩበት ነው።

"መብራቱ አሁንም አለ?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሏል።

"አለ።"

"ላፕቶፑን እንዳታጠፋው። የእኔን የዶክትሬት ሥራ ይዤ አሁኑኑ እመጣለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ስለ ሐሙስ መጠየቅ አፈርኩ።