ሁለት ጫማ

ከፍታን በሜትር መናገር እስከ ዛሬ አልለመደብኝም። ወጣትነቴን የጨረስኩት የጦር አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ አብራሪ ደግሞ ከፍታን የሚቆጥረው በጫማ ነው። ይኸው ሰባ ዓመት ሞላኝ፤ ጦርነቱ አልቆ ምህንድስና ተምሬ የውሃ መሐንዲስ ከሆንኩም ዘመን አለፈ፤ አፌ ግን ያው ነው። ልጆቼ «አባባ፣ አልጋህ ስንት ጫማ ላይ ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ።

ባለፈው ዓመት ከዳባት ወዲያ ወዳለ አንድ የደጋ መንደር ሄድኩ። የምንጭ ውሃ በቧንቧ ላወርድላቸው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ግን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት አልችልበትም። ሚስቴ «ጉልበትህን ሳታውቅ!» ብላ ተቆጣች። ከጎንደር ወጥተን መኪናው ወለቃን እስኪያልፍ ድረስ በስልክ ስትጨቀጭቀኝ ነበር።

መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እኔም እንደ ልማዴ ቆፍጠን ብዬ «ውሃው ያለ ሞተር እንዲወርድ ሁለት መቶ ጫማ ይበቃናል፤ ሌላው የእናንተ ጉልበት ነው» አልኩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሣች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ወገቧ የጎበጠ፣ ምላሷ ግን ያልጎበጠ ሴት ናት።

«ምነው አያ መሐንዲስ! ሁለት መቶ ጫማ ከየት ይምጣ? ደግሞስ ውሃ ጫማ ምን ያደርግለታል?»

ወይ ጉድ! ስለ ከፍታ እንደማወራ እስካስረዳ ድረስ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ አያ ጫማ ሆኖ ቀረ።

ሥራው ሸጋ ነበር። ጠዋት ጉም ሲገለጥ እንጀምራለን፤ ቀትር ላይ ጠላና ቆሎ ይመጣል፤ እየተቀላለድን ቦይ እንቆፍራለን። ለማጠራቀሚያው ገንዳ ቦታ ስፈልግ ከምንጩ ዝቅ ብሎ ግማሹ ተቆፍሮ የተተወ የሚመስል ጎድጓዳ አገኘሁ። ቁፋሮ ቀነሰልን ብዬ ተደሰትኩ።

«እዚያማ አህያዬ ያለቀችበት ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎ የቆፈረው ነው። ውሃ ጭና ከምንጩ ስትወርድ አገኛት። ከዚያ ወዲህ አህያዋ እኔ ሆንኩ፤ እንስራውን ስሸከም ይኸው ጎበጥኩ።»

እሷ እየቀለደች ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ፤ ሁለት መንታ ኮረብታ፣ በመካከላቸው የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከሥር የሚጠማዘዘው ገደል። በመኪናና በእግር ስመጣ አልለየሁትም እንጂ ከላይ አውቀዋለሁ።

ያን ቀን የታዘዝኩበትን ቦታ ደመና ዘግቶት ነበር። ቦምብ እንደተሸከሙ ማረፍ ያስፈራል። ስለዚህ ባዶ የመሰለኝ ገላጣ ላይ ጥዬ ተመለስኩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ጦርነት ሳልጨነቅ የማስታውሳት ቀን እሷ ብቻ ነበረች። «ቢያንስ እዚያ ማንም አልነበረም» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ።

ሦስት ቀን ምንም አልተናገርኩም። ብናገር አካፋቸውን ጥለው ይሄዳሉ፣ ውሃውም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ዝም ስል ደግሞ ጠላቸውን እያታለልኩ የምጠጣ መሰለኝ። ሰማይ ላይ ያልፈራሁ ሰውዬ አንዲት ሴት ፈርቼ መሬት መሬት ሳይ ዋልኩ፤ አፈርኩ በራሴ።

በአራተኛው ቀን ጎድጓዳው ዳር ቆሜ ሳለሁ ሰብሳቢዋ መጣች።

«አያ ጫማ፣ ምነው አፍህ ተዘጋ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምኑ?»

«አውሮፕላኑን ያበረርኩት። አህያሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የያዘችውን የጠላ ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ጫማ ላይ ነበርክ?»

«ከመሬቱ በላይ ስምንት ሺህ።»

«ከዚያ አህያ አትታይም?»

«አትታይም።»

«እኔስ? ከኋላዋ ነበርኩ እኮ።»

እኔም መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አላየሁሽም፣ እታለም። አፈር ስሆን ይቅር በይኝ።»

ፊቴን አተኩራ አየችው። ቀጥላ ወደ እግሬ አየች።

«ዛሬስ ስንት ጫማ ላይ ነህ?»

እኔም አየሁ። ጭቃ የጠገቡ አሮጌ ጫማዎቼ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ሁለት» አልኳት።

ሳቋን ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ፤ የእኔም መጣ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ተነሣችና አካፋ አንሥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ጉድጓዱን የጀመርከው አንተ ነህ፤ በል ጨርሰው።»

ጨረስኩት። ገንዳው እዚያው ተሠራ፤ ውሃውም መንደሩ መሃል ድረስ ወረደ። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት ቀድማ ያነሣችው። ግራ እየገባት አቀበለችኝ፤

«አንዲት ሴት ናት። አያ ጫማ የተካልኝ አህያ ደህና ናት፣ ዛሬም ውሃ እያመጣችልኝ ነው በይልኝ ትላለች።»